ጭድን በዩሪያ ማከም፦ ለደሴ ብርድና ለኮምቦልቻ ሙቀት የሚስማማ ዝርዝር አሠራር

በደሴ ዙሪያና በኩታበር የስንዴና የገብስ ጭድ፣ በቃሉና በሐርቡ ደግሞ የማሽላ አገዳ ከኅዳር ጀምሮ ይከመራል። ከብቱ እስከ ክረምት የሚውለው በዚህ ላይ ነው። ጭድ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋና ወተት አይሆንም። በስንዴ ጭድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው። በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ሆነው ጭዱን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በወጉ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ይፈልጋሉ። ያን ካላገኙ ጭዱ ሳይፈጭ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ቦታውም ስለማይለቅ ከብቱ ተጨማሪ አይበላም። እየበላ የሚከሳው ለዚህ ነው።

ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ በውሃ ተበጥብጦ ተረጭቶበት፣ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ በአግባቡ የታከመ ጭድ ፕሮቲኑ ወደ 7 ወይም 8 በመቶ ከፍ ይላል፣ ይለሰልሳል፣ ከብቱም አብዝቶ ይበላዋል። በአግባቡ ካልተሠራ ግን ያው ዩሪያ ከብት ይገድላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ነው፦ ዩሪያው ወደ አሞኒያ መፈረስ ያለበት ተዘግቶ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ እንጂ በከብቱ ሆድ ውስጥ አይደለም። ማታ ዩሪያ በጥብጦ ጭድ ላይ ረጭቶ ጠዋት ማብላት ሕክምና አይባልም። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ መለኪያና የመቆያ ጊዜ የተቀመጠው ዩሪያው ጉድጓዱ ውስጥ ፈርሶ እንዲያልቅ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ዩሪያ አማይድ ከሚባሉት ውሕዶች አንዱ ነው። መሐሉ ላይ ካርቦን አለ፤ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር በድርብ ትስስር ተያይዟል፣ በሁለቱም ጎኑ ደግሞ ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን የያዙ ናይትሮጅኖች አሉት። የአማይድ መለያ ይህ የካርቦንና የናይትሮጅን ትስስር ነው። ናይትሮጅኑ ያለውን ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ ወደ ካርቦኑና ወደ ኦክስጅኑ ስለሚያካፍል ትስስሩ ከተራ ነጠላ ትስስር ይጠነክራል። በዚህም ምክንያት ውሃ ብቻውን ዩሪያን በቀላሉ አያፈርሰውም፤ በ25 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዩሪያ ግማሹ እስኪፈርስ ወደ 40 ዓመት ይወስድበታል ተብሎ ይገመታል።

ይህን ጊዜ ወደ ቀናት የሚያወርደው ዩሪዬዝ የሚባለው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። እምብርቱ ላይ የኒኬል አተሞች አሉት። አሜሪካዊው ኬሚስት ጀምስ ሰምነር በ1926 ከባቄላ ወገን ከሆነ ፍሬ አውጥቶ ወደ ጠጣር ክሪስታል የለወጠው ይህንኑ ነው፤ ከኢንዛይሞች ሁሉ በዚህ መልክ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሥራው በ1946 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ለእኛ ደስ የሚለው ነገር ዩሪዬዝ መግዛት አያስፈልግም። በጭዱ ላይና በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ያመርቱታል። የሚፈልጉት እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዩሪያው እንደ ዩሪያ ጭዱ ላይ ይቀራል፣ አደጋውም ከዚያ ይጀምራል።

60 ግራም ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ 34 ግራም አሞኒያ ይሰጣል፣ ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ 2 ኪሎ ዩሪያ 1.1 ኪሎ ያህል አሞኒያ ያወጣል ማለት ነው። አሞኒያው በጭዱ እርጥበት ውስጥ ሟሙቶ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ይፈጥራል። የጭድን ሄሚሴሉሎስ (ሊብላላ የሚችለውን የቃጫ ክፍል) ከሊግኒን (ከማይብላላው ጠንካራ ክፍል) ጋር አጣብቀው የያዙት ድልድዮች ኢስተር የሚባሉ ትስስሮች ናቸው፤ አሞኒያው እነዚህን ይቆርጣል። ግንባቸው የላላው ቃጫዎች ያብጣሉ፣ የጨጓራ ተሕዋስያንም መግቢያ ያገኛሉ። አሞኒያ ኢስተርን ሲቆርጥ ከፊሉ እዚያው ተጣብቆ አዲስ አማይድ ይሠራል፤ ሌላው ክፍል በእርጥበቱ ውስጥ የአሞኒያ ጨው ሆኖ ይቀራል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ከተናፈሰ በኋላ ካስገባነው ናይትሮጅን ጭዱ ላይ የሚቀረው ሲሶው ገደማ ነው። ፕሮቲኑን ከፍ የሚያደርገውም ያ ሲሶ ነው።

የትኛውን ጭድ ማከም ይሻላል?

መጀመሪያ የስንዴ ጭድ፣ ቀጥሎ የገብስ ጭድና የማሽላ አገዳ። ጭዱ የባሰ ደካማ በሆነ ቁጥር ከሕክምናው የሚያገኘው ይበልጣል። የጤፍ ጭድ ከሁሉም የተሻለና ለስላሳ ስለሆነ ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ለጭቃ ምርጊትም ስለሚፈለግ ዋጋው ውድ ነው። ስንዴና ገብስ ያለው ሰው ዩሪያውን የጤፍ ጭድ ላይ ባያጠፋ ይመረጣል።

የማሽላ አገዳ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እየሆነ መቆረጥ አለበት። ሳይቆረጥ ከገባ በአገዳዎቹ መካከል አየር ይቀራል፣ አየር ባለበት ደግሞ ሻጋታ ይበቅላል። አገዳው ሲጠመዘዝ እርጥበት የሚያወጣ ከሆነ ገና ነው፤ ለጥቂት ቀናት በፀሐይ ይቆይ።

ጥንቅሽ አይታከምም። ሞላሰስ፣ ገና አረንጓዴ የሆነ ሣርና ጥሩ ድርቆሽም እንዲሁ። ምክንያቱ ስኳር ነው። አሞኒያ ከስኳር ጋር በሙቀት ሲገናኝ ኢሚዳዞል ከሚባሉት ውሕዶች የሚመደብ፣ የነርቭ መርዝ የሆነ ነገር ይፈጠራል። ይህን የበላ ከብት ይደነብራል፣ ክብ እየሠራ ይሮጣል፣ ካገኘው ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ መርዙ በወተት በኩል ወደ ጥጃው ስለሚያልፍ ጥጃውም እንዲሁ ይሆናል። ሞላሰስ መስጠት የፈለገ ሰው ሕክምናው አልቆ ጭዱ ከተናፈሰ በኋላ በማብያው ሰዓት ይጨምር።

ልኩ፦ ጄሪካን፣ 2 ኪሎ፣ 40 ኪሎ

ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያና 50 ሊትር ውሃ ነው። ለሥራ እንዲመች በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ያዙት፦ ለአንድ ጄሪካን ውሃ 2 ኪሎ ዩሪያ፣ ለ40 ኪሎ ጭድ። ስድስት ጄሪካን፣ 12 ኪሎ ዩሪያና 240 ኪሎ ጭድ 3 ሜትር ኩብ የሆነ ጉድጓድ ይሞላሉ። ይህ ለሁለት በሬ 20 ቀን የሚሆን መኖ ነው።

ዩሪያው ሲበዛ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለ100 ኪሎ 8 ኪሎ ቢገባ ተጨማሪው በአብዛኛው በጋዝ መልክ ይጠፋል፤ ሳይፈርስ የቀረ ካለ ደግሞ ለከብቱ አደጋ ነው። ከ3 ኪሎ በታች ሲሆን በተቃራኒው አሞኒያው ሻጋታን ለመከላከል አይበቃም። ውሃውም እንዲሁ ነው፦ ከ30 ሊትር ካነሰ ዩሪያው ሳይፈርስ ይቀራል፣ ከ80 ካለፈ ወደ ታች ይንቆረቆርና ሥሩን ያበሰብሳል።

ጭዱ ሳይመዘን በግምት የሚሠራ ሰው አንድ ሸክም ብቻ መዝኖ ሌላውን በዚያ ይቁጠር። የሁሉም መለኪያ መነሻ የጭዱ ክብደት ስለሆነ እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ማዳበሪያው ዩሪያ መሆኑን ማረጋገጥ

ከረጢቱ ላይ 46 በመቶ ናይትሮጅን የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ከረጢቱ ከተቀየረ ወይም ማዳበሪያው በጣሳ ከተገዛ ሁለት ፈተና ይበቃል።

የመጀመሪያው በእጅ የሚታወቅ ነው። ዩሪያ ሲሟሟ ከውሃው ሙቀት ይወስዳል፤ 2 ኪሎ በ20 ሊትር ውስጥ ሲሟሟ ውሃው ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጄሪካኑን ከውጭ ሲነኩት ቅዝቃዜው ይሰማል፣ ብጥብጡም ጥርት ያለ ይሆናል። ከታች አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ ከቀረ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል።

ሁለተኛው በአመድ ነው። አንድ ማንኪያ ደረቅ ማዳበሪያ ከአንድ ማንኪያ የምድጃ አመድና ከጥቂት ውሃ ጋር በእንጨት ይታሽ። ወዲያው አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ከወጣ ኤንፒኤስ ወይም ሌላ የአሞኒየም ጨው ያለበት ማዳበሪያ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው የፖታሺየም ካርቦኔት አልካላይ ስለሆነ የአሞኒየሙን ሃይድሮጅን ነጥቆ አሞኒያውን በደቂቃ ውስጥ ያስወጣል። የዩሪያ ናይትሮጅን ግን በአማይድ ትስስር ታስሯል፤ ለአመድ እንዲህ ቶሎ አይበገርም፣ ስለዚህ አይሸትም። ኤንፒኤስ ፈጽሞ ለጭድ አይሆንም።

የጉድጓዱ ዝግጅት

ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር። ደሴና ኩታበር ላይ ተዳፋት መሬት ስለማይጠፋ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያስቀር ቦይ በዙሪያው ይቆፈር። ከቤቱ ጥግ ይልቅ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይመረጣል። ኮምቦልቻ ላይ በቦርከና አካባቢ መሬቱ ዋልካ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ስንጥቁ ላስቲኩን ይስበዋል፣ አሞኒያውም በዚያ ይወጣል። እዚያ ጎኑን በጭቃና በጭድ መርጎ ማድረቅ ወይም መሬት ላይ በብሎኬት ሦስት ግድግዳ መሥራት የተሻለ ነው።

ወለሉንና ጎኑን የሚያለብስ 5 በ4.5 ሜትር ላስቲክ፣ ለክዳን ደግሞ 3.5 በ3 ሜትር ያስፈልጋል። ለክዳኑ ጥቁር ላስቲክ ይሻላል፤ ፀሐይ ይስባል፣ በተለይ ደሴ ላይ ይህ ብዙ ይረዳል። ላስቲኩን ፀሐይ ፊት ዘርግቶ ቀዳዳ መፈለግ፣ ቀዳዳ ካለም መለጠፍ አለበት። በምስማር የተወጋች ቀዳዳ እንኳ በሦስት ሳምንት ውስጥ የብዙ ጭድ አሞኒያ ታስወጣለች፤ በዙሪያዋም ራስ የሚያህል ሻጋታ ይበቅላል።

ብጥብጡን በናስ ወይም በመዳብ ዕቃ አታዘጋጁ። አሞኒያ መዳብን እየበላ ወደ ሰማያዊ ውሕድ ይለውጠዋል። የፕላስቲክ በርሜልና የፕላስቲክ ውሃ ማጠጫ ይበቃል። ከጭዱ ጋር የሚሠሩ ሰዎች የመዳብና የብር ጌጥም ቢያወልቁ ይመረጣል።

አሞላሉ

1. ዩሪያውን በሚዛን ለክታችሁ ጄሪካኑ ውስጥ አስገቡና እስኪጠራ አማስሉ። ጠዋት ላይ የደሴ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነና ዩሪያው ራሱ ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዘው መሟሟቱ ይዘገያል፤ ለብ ያለ ውሃ ተጠቀሙ እንጂ ያልሟሟ ፍሬ ይዞ አይረጭ። ጭድ ውስጥ የገባ አንድ ያልሟሟ ጓል አንድ ጉርሻ መርዝ ነው።

2. 20 ኪሎ ጭድ ወለሉ ላይ እኩል አንጥፉ። የጄሪካኑን ግማሽ በውሃ ማጠጫ ከዳር እስከ ዳር እርጩበት። በባልዲ መድፋት አይሆንም፤ ከፊሉ ይጥለቀለቃል፣ ከፊሉ ደረቅ ይቀራል።

3. በመንሽ አገላብጡና ርገጡ። ጠርዙና አራቱ ማዕዘን ሁልጊዜ ይረሳሉ፤ አየር የሚቀረው ግን እዚያ ነው።

4. ሌላ 20 ኪሎ፣ ሌላ ግማሽ ጄሪካን። ጉድጓዱ እስኪሞላና ከመሬት በላይ እንደ ጎጆ ጣራ ጉብ እስኪል ቀጥሉ። ውሃው ጉብታው ላይ አይቆምም።

5. ክዳኑን አልብሳችሁ ከወለሉ ላስቲክ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሉት። ጠርዙ ላይ ጭቃ ምረጉ፣ ከላዩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አድርጉ። ድንጋይ የሚጫን ከሆነ ሹል ያልሆነ ይሁን።

ሥራው በተጀመረበት ቀን ማለቅ አለበት። ግማሹ ተሞልቶ ሲያድር አሞኒያው ሌሊቱን ይወጣል።

በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው፦ የተበጠበጠ ዩሪያ ያለበትን በርሜል ወይም ጄሪካን ከብት፣ በግ ወይም ፍየል በሚደርስበት ቦታ ለደቂቃም አትተዉ። በአንድ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ከ90 ግራም በላይ ዩሪያ አለ። ያልለመደ ከብት ላይ በኪሎ ክብደቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ግራም መመረዝ ያመጣል፣ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይገድላል። 250 ኪሎ የሚመዝን የተጠማ በሬ 5 ሊትር ቢጠጣ 450 ግራም ያህል ገባበት ማለት ነው። የተረፈ ብጥብጥ ካለ ማሳ ላይ ይረጭ፤ ዕቃው ሁለት ጊዜ ይታጠብ።

ጉድጓድ የመቆፈር ዐቅም የሌለው፣ ከተማ ውስጥ አንድ ላም ያለው ሰው በኩንታል ጆንያ መሥራት ይችላል። ውስጡ ላስቲክ የገባበት ጆንያ፣ 10 ኪሎ ጭድ፣ ግማሽ ኪሎ ዩሪያ፣ 5 ሊትር ውሃ። በደንብ ተረግጦ አፉ ታንቆ ይታሰራል። አዲስ ጀማሪም ጉድጓዱን ከመሙላቱ በፊት አንድ ጆንያ ቢሞክር አሠራሩን በትንሽ ወጪ ይለምደዋል።

ስንት ቀን ይቆይ?

ብዙ መመሪያዎች «21 ቀን» ብለው ይጨርሳሉ። ለኮምቦልቻ ልክ ነው። ለደሴ ግን አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደረስ መንገድ ቢሆንም የአየሩ ልዩነት 4 ወይም 5 ዲግሪ ይደርሳል። ባክቴሪያው ዩሪዬዝ የሚያመርትበት ፍጥነትም፣ አሞኒያው ኢስተሮቹን የሚቆርጥበት ፍጥነትም በሙቀት ይወሰናል።

ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ከዚያ በታች፦ 3 ሳምንት። ደሴና ኩታበር፦ 5 ሳምንት፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ከፍታ ላይ ከሆነ 6 ሳምንት። ቢቆይ አይበላሽም፤ እስካልተከፈተ ድረስ ለወራት ይቀመጣል። ቀድሞ መክፈት ግን ያልፈረሰ ዩሪያ ማብላት ነው።

ደሴ ላይ ለማፋጠን የሚረዳ አንድ ነገር አለ፦ የተፈጨ ጥሬ አኩሪ አተር። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ዩሪዬዝ በብዛት ይገኛል። ለእያንዳንዱ 40 ኪሎ ጭድ ሩብ ኪሎ ያህል ዱቄት በየንጣፉ ላይ ይነስነስ። ጄሪካኑ ውስጥ አይጨመር፤ እዚያ ከገባ መፍረሱ ስለሚጀምር አሞኒያው ገና ሳይረጭ ይጠፋል። አኩሪ አተሩ የተቆላ ከሆነ ጥቅም የለውም፣ ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋው።

በመቆያው ጊዜ ክዳኑን በየሁለት ሦስት ቀኑ ዞር ብሎ ማየት ይገባል። አይጥ ላስቲክ ይበሳል፣ ዶሮ አፈሩን ትጭራለች። በጠርዙ በኩል የአሞኒያ ሽታ ከተሰማ እዚያ ጭቃ ጨምሩ። የበልግ ዝናብ ከመጣ ቦዩ መጥረግ አለበት፤ ውሃ ከገባ ብጥብጡ ወደ ሥሩ ታጥቦ ላይኛው ሳይታከም ይቀራል።

ሲከፈት

ክዳኑን በአንድ ወገን ብቻ፣ ነፋስ ከጀርባችሁ ሆኖ ክፈቱ። አጎንብሶ ወደ ውስጥ ማየት አይገባም፣ ልጆችም አይቅረቡ። አሞኒያ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ መታጠብ ነው፤ ማሸት አይደለም።

በደንብ የታከመ ጭድ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ሲጨብጡት ለስላሳ ነው፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ሽታውን ማመን የሚከብደው ሰው በከርከዴ መፈተን ይችላል። ነጭ ወረቀት በወፍራም ከርከዴ ነክሮ ማድረቅ፣ ከዚያ በውሃ አርሶ የተከፈተው አፍ ላይ መያዝ። የከርከዴው ቀይ ቀለም አልካላይ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል። ቀይ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ የለም፤ የለም ማለት ደግሞ ወይ ዩሪያው አልፈረሰም፣ ወይ ፈርሶ ወጥቷል።

የቱ እንደሆነ ጭዱ ራሱ ይናገራል። ጭዱ እንደ ገባው ቢጫና ደረቅ ከሆነ፣ ሻጋታም ከሌለው፣ ዩሪያው ገና ነው፤ ውሃ አንሶታል ወይም በርዷል። ጥቂት ውሃ ረጭቶ መልሶ መዝጋትና ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለበትና የሻጋታ ሽታ ከሸተተ ክዳኑ አፍስሷል፤ የሻገተውን ክፍል ዙሪያውን ጨምሮ አውጥቶ ማሳ ላይ መጣል ነው። ለበግም ቢሆን አይሰጥ። ሥሩ ጠቁሮ የበሰበሰ ሽታ ካለው ውሃው በዝቶ ነበር።

አበላሉ

የቀኑን ብቻ አውጡና ወዲያው መልሳችሁ ዝጉ። የወጣው ጭድ በጥላ ሥር ተበትኖ ለአንድ ሌሊት ይናፈስ፤ ደሴ ላይ በብርዱ ወራት አሞኒያው ቶሎ ስለማይለቅ ሁለት ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ዓይን የማያቃጥል፣ ለአፍንጫ ግን ስልል ያለ ሽታ የቀረው ጭድ ደርሷል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ግን ያንኑ የቀረውን ናይትሮጅን ማባከን ነው።

ከብቱ መልመድ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሩቡ የታከመ ሦስት አራተኛው ያልታከመ፣ ቀጥሎ እኩል፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሙሉውን። የጨጓራው ተሕዋስያን አሞኒያውን ወደ ራሳቸው ፕሮቲን ለመለወጥ የሚያስፈልጋቸውን ብዛት እስኪያገኙ ነው ይህ ሁሉ። ሲርበው የዋለ ከብት፣ ለምሳሌ ከባቲ ገበያ ተነድቶ የመጣ በሬ፣ በመጀመሪያው ቀን የታከመ ጭድ አይሰጠው፤ ተራ ጭድና ውሃ ይቅደም።

ለ250 ኪሎ በሬ በቀን 6 ኪሎ ደረቅ ጭድ መነሻ ነው፤ ከነእርጥበቱ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አብሮ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢያገኝ፣ ለድለባ ከሆነ በተለይ፣ በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ጥሩ ነው። የጨጓራው ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ለመጠቀም ጉልበት ሰጪ ምግብ፣ ፎስፎረስና ድኝም ይፈልጋሉ፣ እነዚህ ደግሞ ጭድ ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ፉርሽካው ፎስፎረስ፣ ፋጉሎው ድኝ ይዞ ይመጣል። አሞሌ ጨው ይኑር። ውሃ ሳይቆጠር በብዛት።

ከስድስት ወር በታች ለሆነ ጥጃ አይሰጥም፤ ጨጓራው ገና አልዳበረም። ለአህያ፣ ለበቅሎና ለፈረስም አይሰጥም፤ እነሱ የሚያመነዥኩ አይደሉም፣ ከአሞኒያው የሚያገኙት ጥቅም የለም።

ጉድጓዱን ማፈራረቅ የሚቻለው በቆይታው መሠረት ነው። ለሁለት በሬ አንዱ ጉድጓድ 20 ቀን ስለሚያገለግል ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ጉድጓድ ይበቃሉ፤ የጥቂት ቀን ክፍተት ቢኖር ያልታከመ ጭድ ይሸፍነዋል። ደሴ ላይ ሦስት ያስፈልጋል።

ከብት ከተመረዘ

ምልክቱ ከ20 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፦ ጆሮና ፊት ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅ ያዝረበርባል፣ ሆድ ይነፋል፣ ይንገዳገዳል፣ አተነፋፈሱ ይፈጥናል። መኖው ወዲያው ይነሣ። ቆሞ መዋጥ ለሚችል ትልቅ ከብት ከ2 እስከ 6 ሊትር የገበያ አቼቶ፣ ከ20 እስከ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር፣ በየመሐሉ እያረፉ ይጋታል። ለበግና ለፍየል ከግማሽ እስከ 1 ሊትር አቼቶ። ጭንቅላቱን ከልክ በላይ ቀና አታድርጉ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። የወደቀ ወይም የሚያንፈራግጥ ከብት በአፉ አይጋትም፤ የእንስሳት ሐኪም በቱቦ ነው የሚሰጠው። ሐኪሙ የሚጠራውም ምልክቱ እንደታየ እንጂ አቼቶው እስኪሠራ ከተጠበቀ በኋላ አይደለም።

አቼቶው ለምን እንደሚሠራ ማወቅ መጠኑን ላለማሳነስ ይረዳል። በአቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ለአሞኒያው አንድ ሃይድሮጅን ይሰጠውና ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። አሞኒየም ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው በጨጓራው ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል፣ ነጻ አሞኒያ ግን በቀላሉ ያልፋል። ውሃው ቀዝቃዛ መሆን ያለበት ደግሞ በጨጓራ ውስጥ ያለው ዩሪዬዝም እንደ ጉድጓዱ ሁሉ ሲበርደው ስለሚዘገይ ነው። ምልክቱ ለጊዜው ቢጠፋም ያልፈረሰ ዩሪያ ሆድ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ከብቱ እስከ ማግስቱ ይጠበቅ፤ ካገረሸበት አቼቶው ይደገማል። ጭድ በዩሪያ የሚያክም ሰው ጉድጓዱን ከመክፈቱ በፊት ቢያንስ 6 ሊትር አቼቶ ቤቱ ገዝቶ ያስቀምጥ።